ፊት የሚቀመጥ ሰው ለሌለው ጀልባ

ውሃ በአህያ ተጭኖ በጄሪካን በሚሸጥበት ከተማ ውስጥ "ባሕረኛው" እየተባሉ መኖር ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ነገሌ ቦረና ከገባሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ትክክለኛ ስሜን የሚያውቅ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ "ባሕረኛው ቤት" ብላችሁ ባጃጅ ብትይዙ ግን በሬ ድረስ ያመጣችኋል። በበጋ ቦኖው ሲደርቅ የሚቀልዱብኝ ቀልድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ያን ባሕርህን ምነው አታመጣልንም ይሉኛል። መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። ኋላ አብሬ መሳቅ ለመድኩ፤ ከልቤ ስቄ ግን አላውቅም።

ባሕረኛ የተባልኩት በውሸት አይደለም። በወጣትነቴ አሰብ ወደብ ላይ የትናንሽ ጀልባዎች ሞተር ጠጋኝ ነበርኩ። መንግሥት ሲለወጥ ሥራውም፣ ቤቱም፣ ጓደኛውም በአንድ ሰሞን ተበተነ፤ እኔም የመፍቻ ሣጥኔን ተሸክሜ ወጣሁ። ወደ ደቡብ የሚሄድ ጭነት መኪና አገኘሁና ተሳፈርኩ። ለምን ደቡብ ብትሉኝ መኪናው ወደዚያ ስለሚሄድ ነው። ሜጋ ከተማ ጥቂት ወራት ጎማ ስለጥፍ ቆይቼ፣ ነገሌ የወፍጮ ሞተር የሚጠግን ጠፍቷል ሲሉ ሰማሁና መጣሁ። ሐሳቤ አንድ ዓመት ሠርቼ ለመሄድ ነበር።

ያስቀረችኝ ሚስቴ ናት። በቆሎ ልታስፈጭ የመጣች ቀን ወፍጮው ተበላሽቶ ነበር፤ ሌላው ሰው እያጉረመረመ ሲሄድ እሷ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ጉጂ ናት፣ ከገናሌ ወንዝ ማዶ ካለ መንደር። ልጅ አልወለድንም። ስለ ባሕር ሳወራ ያለ ፌዝ የምታዳምጠኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ማዶው በእርግጥ አይታይም ወይ እያለች ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። አይታይም እላታለሁ። አንድ ቀን እወስድሻለሁ እላታለሁ። ይህን ማለት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረም ነበር።

በእነሱ አገር ደንብ የሚስት እናትና አማች ይተፋፈራሉ። ፊት ለፊት አይቀመጡም፣ በስም አይጠራሩም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። አማቴ እኔን የሚጠሩኝ "ሶዳ" ብለው ነበር፣ አማች ማለት ነው። ሰላምታ ሲሰጡኝ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ አጠገቤ ያለውን ምሰሶ እያዩ "አካም ጅርቱ" ይሉኛል። አንድን ሰው ደህና ነህ ወይ ሲሉ "አካም ጅርታ" ነው፤ "ጅርቱ" ሲሆን አንቱ ማለት ነው። እኔም መሬት መሬቱን እያየሁ "ናጋ" እላለሁ፤ ሰላም ነኝ ማለት ነው። ወሬያችን በዚህ ያበቃል። ሌላውን ሁሉ ሚስቴ በመሃላችን ቆማ ታደርስልን ነበር።

ከዚያ ገናሌ ተገደበና ውሃው ተኛ። በእግራችን የምንሻገርበት መልካ ከሥር ቀረ። ማዶ መንደር በመኪና መንገድ ዞሮ ለመሄድ መኪናው የሚገኝበት ድረስ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን በእግር ይፈጃል፤ አማቴ ደግሞ ጉልበታቸው ከውሃው ዳር አልፎ አይወስዳቸውም። ሚስቴ የሞተችው በዚያ ሁሉ መሃል ነው። ሕመሟ ሳምንትም አልሞላውም። መርዶው በስልክ ማዶ ሲደርስ አማቴ እየተንገዳገዱ ውሃው ዳር ወርደው፣ የሚያሻግር ሲያጡ እዚያው ሁለት ቀን ተቀምጠው አለቀሱ። እኛ በዚህ በኩል ቀበርናት። የአማቴን ለቅሶ የነገረኝ በመኪና መንገድ ዞሮ ማዶ የሚመላለስ ወተት ነጋዴ ነው፣ ከወር በኋላ። ከዚያም መልእክት ላኩብኝ፤ የልጄን መቃብር ሳላይ አልሙት፣ ሶዳ ባሕረኛ ነው ይባል የለም ወይ፣ መላ ይፈልግልኝ አሉ።

በሕይወቴ ባሕረኛ መሆኔ ለአንድ ሰው ያስፈለገው ያኔ ብቻ ነው፤ እኔ ግን የወፍጮ ቤት ባሕረኛ ነኝ፣ ጀልባ ከየት ላምጣ?

ጀልባዋን ያመጣልኝ አንድ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነው። የጦር ካምፑ አጠገብ ይኖራል፣ የደጋ ሰው ነው። አገሬው ዓሣ አይወድም፤ የወታደር ቤተሰብ ግን በጾም ይበላል ብሎ ዓሣ ንግድ ገባ፣ ትንሽ የፋይበር ጀልባና አሥራ አምስት ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገዛ። ራሱ ውሃ ይፈራል። ጀልባ ገዝቶ ጀልባ ላይ የማይወጣ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ሞተሩ እምቢ ሲለው በባጃጅ ጭኖ እኔ ዘንድ አመጣው። ሽፋኑን ስከፍት የቤንዚንና የዘይቱ ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። ከአሰብ ከወጣሁ ጀምሮ ያን ሽታ አሽትቼው አላውቅም ነበርና እንባዬ ሲመጣ አፍሬ ፊቴን አዞርኩ። ሠርቼ ስጨርስ ስንት ልክፈል ሲለኝ፣ ምንም አልፈልግም፣ ጀልባዋን ስፈልግ ስጠኝ አልኩት።

በመጀመሪያው ጊዜ ያልኩት ሁሉ ከሸፈ። አማቴ ማዶ ዳር ቅቤ በቅል ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ፊተኛው ሳንቃ ላይ ይቀመጡ አልኩ፣ ለቅሉ የምነግር መስዬ። እሳቸው ግን ግራና ቀኙን ለመያዝ ይመቻል ብለው መካከለኛው ሳንቃ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ጋዝ ስሰጥ እንደማንኛውም ትንሽ ጀልባ አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሳ። በዚህ ጊዜ ሰው ወደ ፊት ማዘንበል አለበት። አማቴ ወደ ኋላ ተለጠጡ። ልጅ ሳሉ ሰፈር ሲነቀል የሚጓዙት ግመል ጭነት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ግመል ስትነሳ ደግሞ የኋላ እግሯን ታስቀድማለች፣ ላይዋ ያለ ሰው ወደ ኋላ ካልተለጠጠ በአንገቷ ላይ ይወረወራል። ሰባ ዓመት ያለፈው ልማድ ባንዴ መጣባቸው።

ወደ ፊት ይበሉ ብዬ መጮኽ ነበረብኝ። ነገር ግን በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለማላውቅ አፌ እምቢ አለኝ፤ ቀስ ብዬ ያልኩትን ሞተሩ ዋጠው። ከሳንቃው ተንሸራተው ጉልበቴ ላይ ወደቁ። ኋላዋ ሲከብድ ውሃው በሞተሩ በኩል ገባና ሁለታችንንም አራሰን። ውሃውስ ግድ የለም። የሚስቴ እናት አማቻቸው ጉልበት ላይ ወደቁ እኮ። ሞተሩን ዘግቼ ወደ ዳር መለስኳቸው። ወርደው ነጠላቸውን እየጨመቁ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአየሩ፣ "ይቺ ግመል መነሳት አታውቅም፤ በፊት እግሯ ነው የምትነሳው" አሉ። ሳትነሳ የምትሄድ ከሆነች ጥሩኝ፣ አለዚያ እዚሁ ልሙት ብለው አዘገሙ።

ሳትነሳ የምትሄድ ጀልባ አለች። አሰብ የነበሩ አለቃችን ሞተሩ ላይ ክንፍ አስረው ሠርተውልን ያውቃሉ። ሞተሩ ከጀልባዋ ጀርባ ይንጠለጠላል፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው፤ እግሩ ላይ ከፕሮፔለሩ ከፍ ብላ እንደ መዳፍ የተዘረጋች ጠፍጣፋ ሳህን አለች። ክንፉ የሚታሰረው እሷ ላይ ነው፣ ግራና ቀኝ። ጀልባዋ ስትፈጥን ውሃው ክንፉን ከሥር እየገፋ ኋላዋን ያነሳል፤ ኋላዋ ሲነሳ አፍንጫዋ ይወርዳል። ነገሩ ይኸው ነው። አለቃችን ሲያስረዱን፣ ፊት የሚቀመጥ ሰው ያለው ጀልባ ይህን አይፈልግም፣ ሰውየው ክብደቱን ይሰጣታል፤ ክንፍ የምንሠራው ብቻውን ኋላ ተቀምጦ ለሚነዳ ነው ይሉ ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የሞተር ትምህርት መስሎኝ በደብተር ጻፍኩት።

ሃምሳ አለቃው ፊት ላይ ድንጋይ ጫንባት አለኝ። ሞክሬዋለሁ። ስትፈጥን ደህና ነች፤ ስትቆም ግን አፍንጫዋን ደፍታ ሞገዱን ትጠጣለች። ሰው ሲሆን ተነስ ስትለው ይነሳል፣ ድንጋይ አይሰማም። በዚያ ላይ ከድንጋይ ጋር ወንዝ መሻገር ሰው አጣሁ ብሎ እንደማወጅ ሆኖ ተሰማኝ።

ካምፑ ጀርባ ካለ ጋራዥ ከወደቀ አውቶቡስ ጎን የአሉሚኒየም ላሜራ ለመንኩ። ቅርጹን መጀመሪያ በካርቶን አወጣሁ፤ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ካርቶኑን ለሁለት አጥፌ ነው የቆረጥኩት። ከዚያ ላሜራውን በብረት መጋዝ፣ በሰገቶ፣ ቆረጥኩ፣ ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩ። የፊት ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ውሃውን ይበጠብጠዋል፤ ስለዚህ ጣቴ ሲሄድበት እስካይሰማኝ ድረስ ሦስት ቀን ሞረድኩት። የምሠራው ቤት ውስጥ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የሚስቴ ወንበር ፊት ለፊቴ ሆኖ። አንድ ቀን ከሰዓት ሁለቱንም ክንፎች ጨርሼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አማረብኝ። ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ሠርቶ የሚያሳዩት ሰው ማጣት ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ተነስቼ ደጅ ቆምኩና ለሚያልፈው ባጃጅ ነጂ አሳየሁት። ምንድን ነው አለኝ። ክንፍ ነው አልኩት። የዶሮ ነው ብሎኝ እየሳቀ ሄደ።

የማይዝግ ቡሎን ነገሌ አላገኘሁም። ቡሌ ሆራ ድረስ ስድስት ቡሎን ፍለጋ ሄድኩ። ባለሱቁ ለምንድን ነው ሲለኝ ለጀልባ አልኩት፤ ትንሽ አየኝና ለእብድ እንደሚናገር ሰው በለሆሳስ ዋጋውን ነገረኝ። ስመለስ ከባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሳንቲም የሚያህሉ ክቦች ቆረጥኩ፣ ብረቱና ሳህኑ እንዳይፋጩ ከመሃል የሚገቡ። የቀረው መብሳት ነበር። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ይደገማል፤ የሞተሩ ሳህን ግን አንዴ ያለቦታው ከተበሳ ነገሌ ውስጥ ምትክ የለውም። ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ የሚስብባት ቀዳዳ እንዳትሸፈን ሦስቴ ለካሁ። መሰርሰሪያውን፣ ትራፓኖውን፣ አነሳሁ። በሳሁት። ልክ ሆነ።

ልክ ያልሆነው ስፋቱ ነበር። ብቻዬን ወጥቼ ስሞክራት ኋላዋ ከሚገባው በላይ ተነሳና አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ቀበረች፤ ወደ ጎንም ነጠቀችኝ። ለአማቴ ፈርቼ ክንፉን ከልክ በላይ ሰፊ አድርጌው ኖሯል። ዳር አውጥቼ ከየክንፉ ሁለት ጣት ቆረጥኩ፣ እንደገና ሞረድኩ፣ እንደገና አሰርኩ። በሦስተኛው ሙከራ ጋዝ ስሰጥ ትንሽ ተንቀጠቀጠችና እንደተኛች ሄደች። ብቻውን የሚነዳ ሰው ዓይኑ ፊት ያለው የጀልባው አፍንጫ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ግን ማዶው ዳር፣ ዛፉ፣ ከብቱ ሁሉ ይታየኝ ጀመር። ጮኼ ሚስቴን ጠራኋት። ማንም አልነበረምና አላፈርኩም።

በወተት ነጋዴው በኩል ጀልባዋ አሁን አትነሳም፣ እንደተኛች ትሄዳለች ብዬ ላክሁ።

አማቴ በተባለው ጠዋት ዳር ቆመው ጠበቁኝ። በአንድ እጃቸው ቅቤው አለ፣ በሌላው ከውሃው ዳር የነቀሉት እርጥብ ሣር። "አካም ጅርቱ" አሉ ለጀልባዋ። "ናጋ" አልኩ ለሞተሩ። በዚህ ጊዜ ከእኔ መራቅ ስለፈለጉ ራሳቸው ፊተኛው ሳንቃ ላይ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ጋዝ ስሰጥ እንደ ልማዳቸው ወደ ኋላ ተለጠጡና የምትነሳዋን ግመል ጠበቁ። አልተነሳችም። እንደ ተለጠጡ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ነጠላቸው ብቻ ነበር በነፋሱ የሚንቀሳቀሰው።

ውሃው መካከል ስንደርስ ያላሰብኩትን አደረጉ። ሳንቃውን በሁለት እጃቸው ይዘው እግራቸውን አንድ በአንድ አሻገሩና ወደ እኔ ዞሩ። ፊት ለፊት ሆንን። ዓይኔን ወዲያው ወደ ሞተሩ መለስኩ፣ የሚጠበቅብኝ ያ ነውና። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሣር አስተካከሉ። ቀጥለው በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ፣ "ቀና በል፤ የምንተፋፈረው በእሷ ነበር። እሷ የለችም፣ አሁን ማንን እንፈራለን?" አሉኝ። ቀና አልኩ። ፊታቸውን በሙሉ አይቼው አላውቅም ነበር። የሚስቴ ግንባር ነው፣ የሚስቴ ቅንድብ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነጠላ ሥር ነበረ።

"አካም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ?" አሉ።

ልጄ፣ እንዴት ነህ ማለት ነው። "ታ" ነው ያሉት፣ "ቱ" አይደለም። ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ እንዴት ነህ ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ መልሱን ሊሰማ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ግን አልነበረም። ሞተር መያዣውን እንደጨበጥኩ አለቀስኩ፣ እሳቸውም ተዉኝ።

ከዳር በሚኒባስ ነገሌ ገባን። መቃብሩ ላይ ብዙ አልቆዩም፣ ብዙም አላለቀሱም። ሣሩን ድንጋዩ ላይ አኖሩ፣ ቅቤውን በጣታቸው ነክተው ቀቡት፣ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጠው ስለ ጥጆቹና ስለ ዝናቡ ነገሯት። ሲጨርሱ መሄድ እንችላለን አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ የነበረ ነገር ቀሎ ነበር።

ስንመለስ ከመጀመሪያውኑ ወደ እኔ ዞረው ተቀመጡ። ሚስቴ ልጅ ሳለች ጥጃ ደብቃ እንዳሳደገች፣ ለውድድር ዛፍ ወጥታ መውረድ አቅቷት ማታ ድረስ እንደቆየች፣ ስለ እኔ መጀመሪያ ስትነግራቸው ማዶ የሌለው ውሃ ያየ ሰው አገኘሁ እንዳለቻቸው አጫወቱኝ። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። የአማቴ መንደር ዳር እየቀረበ ሲመጣ ጋዙን ቀነስኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ቀነስኩ። ያ ክንፍ የሚሠራው በፍጥነት ነው፤ ጀልባ ሲያዘግም ትርፍ ላሜራ ነው። ሦስት ቀን የሞረድኩት፣ ቡሌ ሆራ ድረስ የዞርኩለት ነገር ውሃ ውስጥ ሥራ ፈቶ ተንጠልጥሏል፣ እኔም ደንታ አልነበረኝም። ሞተሩ ታመመ ወይ አሉኝ አማቴ። አልታመመም አልኳቸው። ገባቸው መሰለኝ፣ ሌላ ታሪክ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ አሻገርኳቸው። በሦስተኛው ወተት ነጋዴው የእሳቸውን መርዶ ደውሎ ነገረኝ። በተቀበሩበት ቀን በሰዓቱ ደረስኩ፤ ጀልባ ነበረኛ።

ዛሬም ሃምሳ አለቃው ሲፈቅድልኝ እወጣለሁ። ክንፉ አልዛገም፣ ቡሎኖቹም አልላሉም። ጋዝ ስሰጣት ጀልባዋ እንደተኛች ትሄዳለች፤ ማዶው ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ ከፊቴ ያለውም ባዶ ሳንቃ እንዲሁ። እስከ ዳር ድረስ ጋዙን አልቀንስም፤ የምቀንስለት ሰው የለም።